ካርቶንና ሃይላንድ በቦንዳ አስሮ መሸጥ ለሱፐርማርኬት ያዋጣል?

የመረከቢያ ኃላፊ | ሰኞ ጠዋት 3፡10

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መካከለኛ ሱፐርማርኬት የዕቃ መረከቢያና መጋዘን ኃላፊ ነኝ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

በየቀኑ የብስኩት፣ የሳሙና፣ የፓስታ፣ የዘይት ካርቶን ይወጣል። በላዩ ላይ ከካፌያችን የሚመጣ ባዶ ሃይላንድ አለ። ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) የሚጠቀለልበት ላስቲክም አለ። ሁሉም መረከቢያው በር ጥግ ይከመራል። ዕቃ የጫነ መኪና በመጣ ቁጥር ልጆቹ መጀመሪያ ካርቶን አንስተው መንገድ ሲከፍቱ ነው ሰዓቱ የሚሄደው። ሾፌሩ ይቆማል፣ ከኋላው ሌላ መኪና ይቆማል፣ ጎረቤት ክላክስ ይነፋል። ቆራሌ ይመጣል፤ ግን ሲመቸው ነው። ሚዛን የለም፣ በዓይኑ ገምቶ ያገኘውን ሰጥቶ ይሄዳል።

ባለቤቱ አንድ ቦታ የካርቶን መጭመቂያ ማሽን አይተው መጡና "እስቲ አጥኚው" አሉኝ። ጥያቄዬ ሦስት ነው። ያዋጣል ወይ? ምን ዓይነት ማሽን? ከታሰረ በኋላስ ማን ይገዛል? በሥራው ያላችሁ ሰዎች ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የምናለሽ ተራ ልጅ | ሰኞ ጠዋት 4፡35

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ ያደግኩት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። አባቴም እኔም ከቆራሌ እየተረከብን ለፋብሪካ ስናስረክብ ነው የኖርነው።

ቆራሌው ዝቅ አድርጎ የሚከፍልሽ ሊያጭበረብርሽ ፈልጎ እንዳይመስልሽ። ከአንቺ ዘንድ የሚጭነው አብዛኛው አየር ነው። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ባዶው 10 ግራም ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ወደ መቶ የሚጠጋ ጠርሙስ ያስፈልጋል። ሳይጨመቅ አይሱዙ ላይ ጫኚው፤ የጭነት ሣጥኑ 18 ሜትር ኩብ ቢይዝ፣ እስከ አፉ ሞልተሽው 400 ኪሎ አካባቢ ነው የሚሆነው። መኪናው ግን ከ3 ቶን በላይ መሸከም ይችላል። ነዳጁ ያው፣ የሾፌሩ ቀን ያው፣ ጫኝና አውራጁም ያው። ያ ሁሉ ወጪ ለ400 ኪሎ ይካፈላል ማለት ነው። ደህና ማሽን ግን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 250 ኪሎና ከዚያ በላይ ሃይላንድ ያስርልሻል። ያኔ መኪናው የሚሞላው በክብደት ነው።

ስለዚህ ቦንዳ ሲታሰር የዕቃው ዋጋ በራሱ አያድግም። የመንገዱ ወጪ ነው የሚወርደው። የተረፈውን ብር ማን ይውሰድ የሚለው ደግሞ ድርድር ነው። ሚዛን ያለውና ቦንዳ ያሰረ ሰው በድርድሩ ላይ አፍ አለው። በዓይን የተገመተ ክምር ይዞ የቀረበ ሰው የለውም።

ካርቶን ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ማሽን ሳትገዢ በፊት ልጆቹ እያንዳንዱን ካርቶን በመቁረጫ ስፌቱን ከፍተው ይዘርጉት። ተዘርግቶ የተደረደረ ካርቶን ብቻውን ቦታሽን ከግማሽ በላይ ይመልስልሻል። ይህ ነፃ ነው።

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ | ሰኞ ማታ 1፡50

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፤ ትልቅ ግሮሰሪ መደብር የኋላ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። እዚህ እኛ ሰፈር ካሉ ትልልቅ መደብሮች መጭመቂያ የሌለው ማግኘት ይከብዳል። ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ብረት ሣጥን ነው። ካርቶኑን ከፊት በር ትጨምሪያለሽ፣ በሩን ትዘጊያለሽ፣ ከላይ ያለው ሳህን ይወርድና ይጨምቃል። ሲሞላ ሽቦ በተዘጋጀለት ቀዳዳ ይገባል፣ ይታሰራል፣ ከዚያ ማሽኑ ራሱ ቦንዳውን ገፍቶ ፓሌት ላይ ያወጣዋል። አንዱ ቦንዳ 450 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል።

ከዚህ ለአንቺ የሚጠቅም የመሰለኝ አንድ አሠራር አለ። ከማዕከላዊ መጋዘን ዕቃ ይዞ የሚመጣው መኪና ሲመለስ ባዶውን አይሄድም። የታሰረውን ካርቶን ጭኖ ይመለሳል። መጋዘኑ የሁሉንም ቅርንጫፍ ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ለፋብሪካ ይሸጣል። ሱፐርማርኬታችሁ ቅርንጫፎች ካሉት በተመላሽ መኪና አስቡበት። ያልታሰረ ካርቶን በዚያ መኪና ቢጫን መኪናው ለሚቀጥለው ቀን ጭነት እንኳ አይደርስም፤ አውርዶ መጥረጉ ብቻ ሰዓት ይበላል።

ሁለተኛው ነገር ደኅንነት ነው፤ ይህን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት እለምናችኋለሁ። እዚህ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሠራተኛ ማሽኑን እንዳያንቀሳቅስ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ምክንያት አለው። ሳህኑ በብዙ ቶን ኃይል ነው የሚወርደው። በሩ ክፍት ከሆነ ማሽኑ የማይነሳበት መቆለፊያ መኖር አለበት። ሥራ ለማፋጠን ብሎ ያንን መቆለፊያ በሽቦ የሚያልፍ ሰው ካለ፣ ማሽኑን ከናካቴው ባትገዙት ይሻላል። ካርቶን ሲጠላለፍ እጅ አይገባም፤ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ቁልፉ ይወጣል፣ ከዚያ ነው የሚነካው። ሽቦ ሲቆረጥም ተወጥሮ ስለነበር ፊት ላይ ይመታል፤ የዓይን መነጽር ግዴታ ነው።

የመረከቢያ ኃላፊ | ማክሰኞ ጠዋት 2፡40

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተመላሽ መኪናው ነገር ፈጽሞ አላሰብኩበትም ነበር። ሁለት ቅርንጫፍ አለን፤ መኪናውም ወደ ዋናው መጋዘን ባዶውን ነው የሚመለሰው።

አሁን ያስጨነቀኝ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተራችን የሚሸከመው ማቀዝቀዣዎቹንና ካሽ ማሽኖቹን ነው። መጭመቂያ ተጨምሮበት ይችል ይሆን? 450 ኪሎ የሚመዝን ቦንዳስ እኛ ጋ በምን ይነሳል? ፎርክሊፍት የለንም።

ሃይድሮሊክ ሠሪ | ማክሰኞ ጠዋት 5፡15

የሃይድሮሊክ ጥገና ሙያተኛ ነኝ። የእህታችን ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ማሽኑን ከካታሎግ ላይ በቶን መርጦ ይገዛና መጥቶ ሲተከል ይጨነቃል።

ትልቁ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር መብራት) ይፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ቆጣሪያችሁ ምን እንደሆነ፣ ሞተሩ ስንት ኪሎ ዋት እንደሆነ ኤሌክትሪሺያን ይይ። ጄኔሬተሩ ላይ አትጨምሩት። መጭመቅ የሰዓት ግዴታ የለበትም፤ መብራት ሲመጣ ይሠራል። ካርቶን እንደ ሥጋ አይበላሽም።

ስለ ክብደቱ፦ ለእናንተ 450 ኪሎ አያስፈልጋችሁም። ፎርክሊፍት የሌለው ቤት ውስጥ የተሠራ ትልቅ ቦንዳ እዚያው ይቀራል። ከ40 እስከ 60 ኪሎ የሚያስር ትንሽ ማሽን ይበቃችኋል። ሁለት ሰው ያነሳዋል፣ በእጅ ጋሪ ይሄዳል፣ ጫኝና አውራጅም አይጣላችሁም። ጥግግቱ ከትልቁ ያነሰ ነው፣ እሱ እውነት ነው። ግን ሊነሳ የሚችል ቦንዳ ከማይነሳ ይሻላል።

ከዚያም በታች ያለ መንገድ አለ። ከአንግል ብረትና ከላሜራ የተበየደ ሣጥን፣ ከላይ ወፍራም ሳህን፣ ሳህኑን የሚገፋ የመኪና ክሪክ። ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። በያጅ ቤት ይሠራል። ሳህኑ ቀጥ ብሎ እንዲወርድ በአራቱም ጎን መሪ ሐዲድ ይኑረው፤ ያለዚያ ካርቶኑ በአንድ ወገን ሲከብድ ሳህኑ ያጋድልና ክሪኩ ይንሸራተታል። ክሪኩ ቢያንስ 10 ቶን ይሁን፤ ፍሬሙ ግን ከክሪኩ የበለጠ ጠንካራ መሆን አለበት። ብየዳው ደካማ ከሆነ የሚፈነዳው ፍሬሙ ነው፣ የሚጎዳው ደግሞ ክሪኩን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው።

የዘይት ነገርም አደራ። ትልቁን ከገዛችሁ ሲሊንደሩ ዘይት ማንጠብጠብ ሲጀምር ጎሚኒውን ቶሎ አስቀይሩ። ዘይት የነካው ካርቶን ፋብሪካው አይቀበለውም፤ ወለሉም ላይ ሰው ይጥላል።

ሆቴል ግዢ ክፍል | ማክሰኞ ከሰዓት 8፡20

እኔ ትንሽ ልቃወም። እኛ ባለ ኮከብ ሆቴል ነን፤ ሃይላንድ ከስብሰባ አዳራሽ በብዛት ይወጣል። ማሽን የመግዛት ሐሳብ መጥቶ ነበር። ስንመዝነው የኛ መጠን ማሽኑን በሳምንት ከጥቂት ሰዓት በላይ የሚያሠራ አልነበረም። የተዘጋ ገንዘብ ነው የሚሆነው። የውጭ ምንዛሪውንና መለዋወጫውን ስትጨምሪበት ደግሞ ይብሳል።

ያደረግነው ሌላ ነው። በየፎቁ ሁለት ማስቀመጫ አኖርን፤ አንዱ ለሃይላንድ ብቻ፣ አንዱ ለሌላው። የጽዳት ሠራተኞች ክዳን ያወልቃሉ፣ ውኃውን ያፈሳሉ፣ በእግር ይጨፈልቃሉ። በትልቅ ማዳበሪያ ታጭቆ ይታሰራል። የቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር በቋሚ ቀን ይመጣል፤ እዚያው በሚዛን ይመዘናል። ማሽን የለም፣ ግን ግቢያችን ንጹሕ ነው፣ አይጥም ቀንሷል።

እና እህቴ፣ "ያዋጣል ወይ" ለሚለው መልሱ ያለው ሚዛን ላይ ነው። መጀመሪያ መዝኚ።

የምናለሽ ተራ ልጅ | ማክሰኞ ከሰዓት 9፡05

@ሆቴል ግዢ ክፍል ልክ ብለዋል። እኔም ለትንንሾቹ የምመክረው ይህንኑ ነው። ግን የገበያ ማዕከላትን አስቡ። አንድ ሕንፃ ላይ ስልሳ ሰባ ሱቅ አለ። እያንዳንዱ ትንሽ ካርቶን ነው ያለው፤ ሁሉም ማታ ማታ ደረጃ ላይ ይጥላል። አስተዳደሩ ምድር ቤት አንድ ማሽን ቢተክል ለሕንፃው ሁሉ ይበቃል። ብቻውን የማያዋጣው በጋራ ያዋጣል።

ማኅበር ሰብሳቢ | ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ሰላም ልጆቼ። የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር አባል ነኝ፤ ዕድሜዬም ሄዷል። ይህን ውይይት ልጄ ናት ያነበበችልኝ፣ የምለውን እየጻፈችልኝ ነው።

ንግድ ቤቶች ለይታችሁ ማሰራችሁን እንደግፋለን። ከቤት የሚወጣ ቆሻሻ ውስጥ ሃይላንድ ለመልቀም ስንት መስታወት፣ ስንት መርፌ፣ ስንት ዳይፐር እንነካለን። ከእናንተ የሚወጣው ካርቶን ግን ሲጀመር ንጹሕ ነው። የሚበላሸው ከምግብ ትርፍራፊ ጋር ሲቀላቀል ነው። አንድ ባልዲ የወጥ ትርፍ አንድ ክምር ካርቶን ያበላሻል። ለይታችሁ ብታኖሩት እኛም አንቆስልም፣ እናንተም ትሸጣላችሁ።

ግን አንድ ነገር ልለምን። አስራችሁ በቀጥታ ለፋብሪካ ስትሸጡ እኛን አትርሱን። ከእናንተ የምናገኘው ካርቶን ነው ለብዙ እናቶች የወር አስቤዛ የሚሆነው። ዋጋ የሌለውን ቆሻሻ ብቻ ለእኛ ትታችሁ ዋጋ ያለውን ከወሰዳችሁ ሥራው አይቆምም፣ እኛ ግን እንቆማለን። ማሽኑን ስትገዙ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ከእኛ ውሰዱ። ካርቶን መለየት እናውቃለን፤ በዓይን አይተን የትኛው ሰም የተቀባ እንደሆነ፣ የትኛው እርጥበት እንዳለው እንለያለን። እናንተ ቦታና ማሽን፣ እኛ ጉልበትና ዕውቀት፣ ትርፉን በውል እንካፈል።

ቆሼን የማያውቅ የለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ሲናድ ከ110 በላይ ሰው ነው የሄደው። እዚያ የሚወርደው እያንዳንዱ መኪና ቢቀንስ እኔ ደስ ይለኛል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም የማነሳው።

የመረከቢያ ኃላፊ | ረቡዕ ጠዋት 3፡00

እናቴ ይሁኑ አባቴ፣ ይቅርታ አላወቅኩም፤ የተናገሩት ልቤን ነክቶታል። በቃሌ እሄዳለሁ፤ ለባለቤቱ የማቀርበው ጽሑፍ ላይ ይህ ይገባል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ከሰፈራችን ማኅበር ቢሆኑ እኔም ይቀለኛል። የኔ ልጆች መደርደሪያ መሙላት ነው ሥራቸው።

ፍሌክ ፋብሪካ ጥራት | ረቡዕ ከሰዓት 7፡45

ከገዢው ወገን ልናገር። ሃይላንድ አጥቦ፣ ፈጭቶ ፍሌክ (የፕላስቲክ ፍርፋሪ) የሚያደርግ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ።

ቦንዳ በር ላይ ሲደርስ ከጭነቱ መርጠን አንዱን እንፈታለን። ሽቦው ሲቆረጥ ውስጡ ሁሉንም ይናገራል። ባለፈው የፈታነው አንዱ ከላይ ከታች ያማረ ነበር፤ መሃሉ ላይ ድንጋይ፣ ውኃ የሞላባቸው ጠርሙሶች፣ ጭቃ የነካ ማዳበሪያ። ክብደት ለመጨመር ነው። ያ አንድ ቦንዳ ለመላው ጭነት ዋጋ ይወስናል፤ ሌሎቹ ንጹሕ ቢሆኑ እንኳ ባለቤቱ ማስረዳት አይችልም። ከንግድ ቤት የሚመጣ ቦንዳ ላይ ግን ይህን አላየሁም። ለዚህ ነው ከእናንተ መግዛት የምንፈልገው፤ ምንጩ ይታወቃል፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

የምንፈልገውን ልንገራችሁ።

ክዳኑ ቢወልቅ ጥሩ ነው። ክዳኑ የተዘጋ ጠርሙስ አየር ይዞ ይቀራል፤ ሲጨመቅ ይተኛል፣ ማሽኑ ሲለቀው እንደ ስፖንጅ ተመልሶ ይነፋል፣ ሽቦውንም ይበጥሳል። ክዳኑ ራሱ ሌላ ፕላስቲክ ነው። ስናጥብ ጠርሙሱ ውኃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ክዳኑ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ መለየት እንችላለን። ግን ክዳኑን ለብቻ በማዳበሪያ ብታመጡት እሱም ዋጋ አለው።

የዘይት ጠርሙስ ከውኃ ጠርሙስ ጋር እንዳይታሰር። ዘይቱ የማጠቢያ ውኃችንን ያበላሻል። ጀሪካን ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ፕላስቲክ ነው። ነጭ (ቀለም አልባው) ለብቻ፣ አረንጓዴ ለብቻ፤ ነጩ ሁሌም ይበልጣል፣ ምክንያቱም ነጭን ወደፈለጉት ቀለም መቀየር ይቻላል።

ካርቶን ላይ ያሉ ባልደረቦቼ ደግሞ እርጥበት ነው የሚለኩት። ከ12 በመቶ ካለፈ ከክብደቱ ላይ ይቀነሳል፣ ብዙ ካለፈ ይመለሳል። ክረምት ላይ ቦንዳውን ከዝናብ ብቻ ሳይሆን ከሲሚንቶው ወለልም አርቁት። ፓሌት ላይ ይቀመጥ። ወለል የነካው ካርቶን ከሥሩ ውኃ ይስባል፣ ከላይ ስታዩት ደረቅ ነው።

ንጽሕና ዋጋ የሚወስነው እኛ ጋ ብቻ አይደለም። ቻይና በ2018 እ.ኤ.አ. ከውጭ በምታስገባው ወረቀትና ካርቶን ውስጥ ባዕድ ነገር ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ስትወስን የብዙ ሀገር ቦንዳ ወደብ ላይ ቀረ። ታስሮ ነበር፤ ግን ያልተለየ ነበር። መጭመቅ ቆሻሻውን አያጸዳም፤ ተደብቆ እንዲቆይ ብቻ ያደርገዋል።

የመረከቢያ ኃላፊ | ረቡዕ ከሰዓት 8፡10

ይህ በጣም ጠቃሚ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ዋጋ ሲወርድ ማቆየት ይቻላል? ሻጮች ዋጋው ይዋዥቃል ይላሉ።

ፍሌክ ፋብሪካ ጥራት | ረቡዕ ከሰዓት 8፡40

ይዋዥቃል። አዲሱ ፕላስቲክ የሚሠራው ከነዳጅ ምርት ነው። የዓለም ነዳጅ ሲረክስ አዲሱ ይረክሳል፣ የኛም ፍሌክ ከሱ ጋር ስለሚወዳደር አብሮ ይወርዳል። በቦንዳ የታሰረ ደረቅ ዕቃ ጥቂት ሳምንት ማቆየት ይቻላል፤ ልቅ የሆነውን ግን ቦታው አያስቆያችሁም፣ የተሰጣችሁን ዋጋ ትቀበላላችሁ። ሃይላንድን ፀሐይ ላይ ብዙ አታቆዩት፣ ይሰባበራል። ካርቶንን ደግሞ ብዙ አትከምሩ፤ እሳት ነው። ከኤሌክትሪክ ቦርድና ሰው ሲጋራ ከሚያጨስበት ቦታ አርቁት፣ አጠገቡ ማጥፊያ ይኑር።

ደረሰኝ ይቆረጥ | ረቡዕ ማታ 2፡15

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ አጭር ነገር ልጨምር። ቆራሌ የሚሰጠው ብር በየቤቱ የጥበቃ ወይም የልጆቹ የሻይ ነው ተብሎ ይታለፋል። በቶን መሸጥ ስትጀምሩ ግን ሽያጭ ነው። ቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ 15 በመቶው አለ፣ ደረሰኝ ይቆረጣል። ፋብሪካውም ደረሰኝ ይጠይቃችኋል፤ ያለ ደረሰኝ ወጪው አይያዝለትም። ከመጀመሪያው ቀን መዝገብ ክፈቱ፦ ቀን፣ ዓይነት፣ ኪሎ፣ ገዢ። ለልጆቹ የሻይ የነበረውንም በግልጽ ድርሻ አድርጋችሁ ስጧቸው። አለበለዚያ ካርቶኑ በኋላ በር መውጣቱን ይቀጥላል።

የመረከቢያ ኃላፊ | ዓርብ ጠዋት 3፡25

ወገኖቼ፣ ትናንት ከባለቤቱ ጋር ተቀመጥን። የተወሰነውን ልንገራችሁ።

ትልቁን ማሽን አሁን አንገዛም። አንድ ወር ሙሉ የሁለቱን ቅርንጫፍ ካርቶን፣ ሃይላንድና ላስቲክ ለየብቻ በሚዛን መዝግበን እናያለን። ካርቶን ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ይዘረጋል። የክሪክ መጭመቂያ በያጅ ቤት አዘናል፤ አራት መሪ ሐዲድ እንዲኖረው ተናግረናል። የሚያሠሩት ከሰፈራችን ማኅበር ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በውል፣ በኪሎ ድርሻ፣ ጓንትና መነጽር ከኛ። ሁለተኛው ቅርንጫፍ የታሰረውን በተመላሽ መኪና ይልካል። ለልጆቹም የሻያቸው ድርሻ በመዝገብ ተይዟል። መጠኑ ሲታወቅ ወደ ኤሌክትሪክ ማሽን እንሄድ እንደሆነ ያኔ ይወሰናል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። በምን ልሰር? በያጁ የኮንስትራክሽን ጥቁር ሽቦ ይበቃል አለኝ።

ሃይድሮሊክ ሠሪ | ዓርብ ጠዋት 4፡50

ለ50 ኪሎ የካርቶን ቦንዳ ጥቁር ሽቦ ይበቃል፤ ቀጭኑን ሳይሆን 2.5 ሚሊ ሜትሩን ውሰጂ። በሦስት ቦታ እሰሩት። ሽቦው ሳህኑ እንደተጫነ ሆኖ ነው የሚታሰረው፤ ከለቀቃችሁ በኋላ ከሆነ ላልቶ ይቀራል። የሽቦው ጫፍ ተጣምሞ ወደ ውስጥ ይግባ፣ የተሸካሚ እጅ እንዳይቧጭር። ሃይላንድ ግን ስለሚገፋ ክዳኑ ወልቆ ይታሰር። በያጁ ሣጥኑን ሲጨርስ ሰው ሳይቆምበት መጀመሪያ በባዶው ከዚያም በሙሉ ካርቶን ይሞክረው። ብየዳው ላይ ስንጥቅ ከታየ ፎቶ አንሥተሽ እዚህ ለጥፊው፣ አያለሁ።